አሲድ የጫኑ በቅሎዎች

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰማዩ በጠቆረበት አንድ ጠዋት፣ ሰበታ ውስጥ ካለ አንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪው ሊቤ ነው። ሁለተኛዋ ኢንጂነር ሩሃማ ናት። ሦስተኛው የአይሱዙው ሾፌር እስራኤል ነው።

ጭነት እያሰሩ ነበር። ከጭነቱ ትልቁ ፓከር የሚሉት ዕቃ ነው፤ የሰው ቁመት የሚያህል የብረት ቧንቧ ሆኖ ወገቡ ላይ ወፍራም ጎማ ለብሷል። ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ጎማው በአየር ሲወጠር ግድግዳውን ጥርቅም አድርጎ ይይዝና የጉድጓዱን ላይ ከታቹ ይለያል። ከጎኑ አሲድ የሞሉ ሰማያዊ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ሊቤ የእያንዳንዱን ክዳን ጠበቅ ጠበቅ አደረገ። ሩሃማ ከኋላው እየተከተለች እንደገና ፈተሸች። ሊቤ አልተቀየማትም፤ እሱም ቢሆን ሰው የፈተሸውን ሳይፈትሽ አያልፍም።

«እስራኤል፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለች ሩሃማ። «የጫንከው ቢራ አይደለም።»

«ቢራ ቢሆንማ ከዚህ በላይ ነበር የምጠነቀቀው» አለ እስራኤል፣ ሞተሩንም አስነሳ።

መድረሻቸው ዳጋ አዲ ነው። ዳጋ አዲ ከጫንጮ በስተምዕራብ፣ ሙገር ሸለቆ ውስጥ፣ ከነጭ ገደል ሥር የተለጠፈች መንደር ናት። ስሟ በኦሮምኛ ነጭ ድንጋይ ማለት ነው። ሊቤ የተወለደው እዚያ ነው፤ እናቱ አዴ ወርቅቱም አሁን ድረስ እዚያው ናቸው። የመንደሩ ምንጭ ከደረቀ ወዲህ ሰው ቁልቁል ወርዶ ከወንዝ ይቀዳል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ጭቃ ይሆናል፤ ልጆች ይታመማሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መክረው፣ ዘንድሮ ጉድጓድ ካልወጣልን መንደሩን ለቀን ሱሉልታ ቤት ተከራይተን በቀን ሥራ እንደር ብለው ነበር። ቆፋሪው የወርቅቱ ልጅ መሆኑን ሲሰሙ ጓዛቸውን ማሰር ተዉ።

ሊቤም ቆፈረ። ጉድጓዱ ግን የሰጠው ውሃ ዶሮ የሚያጠጣ አልሆነም።

ጥፋቱ ከልማድ የመጣ ነው። ሊቤ ሙያውን የተማረው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ነው። የዚያ አገር መሬት ልል ነው፤ ከላይ ቀይ አፈር፣ ከሥር የተሰባበረ ጥቁር ድንጋይ። ጉድጓዱ እንዳይናድ ወፍራም ጭቃ እየሰደዱ ነው የሚቆፍሩት፤ ጭቃው ግድግዳውን እየለሰነ ያቆመዋል። እንደ ሊቤ ጭቃ ማወፈር የሚችል አልነበረም። ጓደኞቹ «ሊቤ ጭቃ» ይሉታል፤ እሱም በስሙ ይኮራ ነበር። የዳጋ አዲ ነጭ ድንጋይ ግን ሌላ ነው። ጠባቂ ሳያስፈልገው በራሱ ይቆማል፤ ውሃውን የያዘውም ፀጉር በማያስገባ ስንጥቅ ነው። የሊቤ ጭቃ እነዚያን ስንጥቆች አንድ በአንድ ደፈናቸው።

ሩሃማ ከዚህ በፊት በሶማሌ ክልል የነዳጅ ፍለጋ ጉድጓዶች ላይ ሠርታለች። እዚያም ነዳጁ የተቀመጠው እንዲህ ባለ ጥቅጥቅ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነበር። ድንጋዩ የያዘውን አልለቅም ሲል፣ ቦታውን ከላይና ከታች ዘግተው አሲድ በግፊት ይሰዱበታል። አሲድ የኖራ ድንጋይ ይበላል፤ ስንጥቁን እየበላ መንገድ ያወጣል። ለነዳጅ የሠራው ለውሃም ይሠራል ብላ አለቆቿን አሳመነች። ፓከሩን ጉድጓድ ውስጥ የሚያወርደው ግን የቁፋሮ ማሽኑ፣ ሪጉ ነው። ሪጉ ደግሞ ወንዙ ለክረምት ከመሙላቱ በፊት ተሻግሮ መውጣት አለበት። ከሄደ ለዳጋ አዲ ሲል አይመለስም።

ቡራዩ ሲደርሱ ዝናቡ ጀመረ። ተራራውን በጀርባው ዞሮ ሱሉልታ የሚያወጣውን ጥርጊያ መንገድ ሲይዙ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። በረዶው የጋቢናውን ጣሪያ ደበደበ፤ ባሕር ዛፎቹን ቅጠል አራገፈ፤ መንገዱን በነጭ ሸፈነው። አንድ ቁልቁለት ላይ አይሱዙው ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ መንሸራተት ጀመረ።

ሊቤ በሩን ከፍቶ ዘለለ። በጉልበቱ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ድንጋይ አቅፎ ከኋላ ጎማው ሥር ወረወረ። መኪናው ድንጋዩን ገፍቶ ቀጠለ። ሁለተኛ ድንጋይ አመጣና በእግሩ ደግፎ ያዘው። ጎማው ጫማውን ሊነካ ሲል ቆመ። ከላይ ጀሪካኖቹ እርስ በርስ ተጋጩ።

እስራኤል የእጅ ፍሬኑን ስቦ ሞተሩን አጠፋ። ሩሃማ ጭነቱ ላይ ወጥታ ጀሪካኖቹን ፈተሸች። የአንደኛው ክዳን ተሰንጥቋል። በጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ አጥብቀው አሰሩት፤ ሽታው ግን ቀጭን ሆኖ መውጣቱን አላቋረጠም። ሌላ ክዳን አልነበራቸውም።

ሱሉልታ ሜዳው ሐይቅ መስሏል። ጫንጮ አድረው በማግስቱ ጠዋት ከሸለቆው አፋፍ ደረሱ፤ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ነው። አንደኛው የመኪና መንገድ ነው፤ በሩቅ ዞሮ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከጭቃው የተነሣ የጫነ አይሱዙ አያሳልፍም፤ ቀላል መኪና ግን ደፍሮ ከሞከረ ያልፋል። ሌላው በገደሉ ፊት ለፊት የሚወርድ የበቅሎ መንገድ ነው። እዚያ ኦቦ ጋሮማ ሦስት በቅሎዎች ይዘው ይጠብቋቸው ነበር። ኦቦ ጋሮማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨውና እህል ይዘው ሸለቆውን የተመላለሱ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲጣላ እርቅ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ፊት የተነገረ ቃል ወደ ኋላ አይመለስም።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ጋሮማ» አለ ሊቤ ዝቅ ብሎ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ልጄ። በቅሎዎቼ እህል ለምደዋል፤ ይህ የጫናችሁባቸው ግን ይሸታል። ይነክሳል?»

«ድንጋይ ይነክሳል» አለች ሩሃማ።

«እንግዲያው እኛን አያገኘንም» አሉና ጠፍሩን ማጥበቅ ቀጠሉ።

ጭነቱን ሲያዛውሩ አንድ ፒክአፕ ከኋላቸው መጥቶ ጭቃ እየረጨ ቆመ። ከመሪው ኋላ ያለው ፈሀድ ነበር፤ የሪጉ ባለቤት ወኪል። ሊቤ በልጅነቱ ወደ ቡራዩ ከሄደ ወዲህ አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለገዳዲ አካባቢ ሌላ ሥራ ሪጉን ይጠብቃል፤ ሪጉ ሸለቆ ውስጥ ክረምት ከያዘው ተጠያቂው እሱ ነው።

«ሊቤ ጭቃ» አለ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ። «አሁንም እቺን ጉድጓድ ልታስታምም ነው?»

ሊቤ ፈገግ ለማለት ሞከረና አልሆነለትም። አንድ ቀን ብቻ እንዲታገሠው ለመነው። ፈሀድ በቅሎዎቹን አየ፤ ጀሪካኖቹን አየ፤ ሳቀ።

«በእነዚህ ነው የምትደርሰው? እሺ ስማ፤ እኔን ቀድመህ ከወንዙ ማዶ ከረገጥክ ሪጉ እስክትጨርስ ያንተ ነው። ኦቦ ጋሮማ ምስክር ይሁኑ።»

ኦቦ ጋሮማ ቀና አሉ። «ሰምቻለሁ» አሉ።

ፒክአፑ ሄደ። እስራኤልም አይሱዙውን አዙሮ ተመለሰ። ሦስቱ ሰዎችና ሦስቱ በቅሎዎች ጉም ውስጥ ገቡ።

ቡሬ የምትባለው በቅሎ ፓከሩን ጎኗ ላይ ተጭና ትመራለች። ዳማና ግራጫዋ አሲዱን እኩል ተካፍለው ተሸክመዋል። የተሰነጠቀው ክዳን ያለው ጀሪካን ዳማ ላይ ነው። መንገዱ የበቅሎ ኮቴ ያህል ይሰፋል፤ በቀኝ ግድግዳ፣ በግራ ባዶ። ሊቤ እግሩ የሚያርፍበትን ብቻ እያየ ወረደ። ጉሙ ሲሳሳ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከበላያቸው ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ታዩ። ትልቁ ወንድ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየ፤ መንጋው ሲሮጥ ድንጋይ ተንከባሎ ከሩሃማ ፊት ለፊት አልፎ ወደ ባዶው ወደቀ። እስኪያርፍ ድረስ ጆሯቸውን ቀስረው ጠበቁ። ድምፅ አልተሰማም።

እኩለ መንገድ ላይ የድንጋዩ ቀለም ተለወጠ። ጥቁሩ አለቀና ነጩ ጀመረ። ሊቤ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ እሱን ያሸነፈው ድንጋይ ይኸው ነው፤ ቀዝቃዛና ለስላሳ።

ኦቦ ጋሮማ በድንገት ቆሙ። ከበላያቸው ከጣሪያ መሳይ አለት ሥር የንብ መንጋ እንደተሰቀለ ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። ከዳማ ጀርባ የሚወጣው ሽታ ቀጥ ብሎ ወደዚያው ይወጣል።

«ሳትናገሩ፣ ቶሎ እለፉ» አሉ በሹክሹክታ።

ቡሬ አለፈች። ግራጫዋም አለፈች። ዳማ ከመንጋው ሥር ስትደርስ የተንጠለጠለው ቆዳ ተላጠ።

ንቡ እንደ ዝናብ ወረደ። ኦቦ ጋሮማ ጋቢያቸውን ሩሃማ ራስ ላይ ጥለው ሁለቱን በቅሎዎች ይዘው ወደፊት ሮጡ። ዳማ በፊት እግሯ ተነሣች፤ የኋላ እግሯ ከመንገዱ ወጣ፤ ጭነቱ ወደ ግራ ጎተታት። ሊቤ ልጓሟን ይዞ ነበር። ንቦቹ አንገቱን፣ ዐይኑን፣ ከንፈሩን ነደፉት። ዳማ በአንድ እግሯ አየር እየረገጠች ቁልቁል ትንሸራተታለች። ሊቤ በቅሎዋን አየ፤ ጭነቱንም አየ። ከወገቡ ቢላዋ መዘዘና ጠፍሩን ቆረጠ።

ጀሪካኖቹ ተያይዘው ወደቁ። ዳማ ሸክሙ ሲቀልላት ተፍጨርጭራ ወጣች። ሊቤን በደረቷ ገፍታው ሮጠች፤ እሱም ጅራቷን ተከትሎ ሮጠ። ከሥር ጀሪካኖቹ ሲፈነዱ ተሰማ፤ ተከትሎም ብዙ ዘይት የተጣደበት ድስት ዓይነት ድምፅ።

ከገደሉ ሥር ሲገናኙ የሊቤ አንድ ዐይን ተዘግቶ ነበር። የኦቦ ጋሮማ እጅ አብጦ እንደ ዳቦ ሆኗል። ሩሃማ ከሊቤ ሰውነት ላይ የንቦቹን እሾህ በጥፍሯ እየነቀለች፣ ግማሹ አሲድ እንደሄደ፣ የቀረው ለጉድጓዱ በሙሉ ሊደርስ እንደማይችል ነገረችው። ስትነግረው አልተቆጣችም። ይህ ከቁጣዋ ይልቅ ከበደው።

«በቅሎዬን አድነሃታል» አሉ ኦቦ ጋሮማ።

ሊቤ ተነሥቶ አሲዱ ወደ ፈሰሰበት አለት ሄደ። ነጩ ድንጋይ ገና ያፏጫል፤ በትናንሽ አረፋ ይፈላል። አለቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ነበረች። ስንጥቋ ንጹሕ በሆነችበት አሲዱ እየበላ ወርዶ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ አውጥቷል። ዝናብ ያወረደው ጭቃ በሸፈናት በኩል ግን ላይ ላዩን ብቻ ነካክቶ ወደ ጎን ሄዷል። ሊቤ ተቀምጦ ስንጥቋን በአንድ ዐይኑ አየ። የእንጨት ቁራጭ ሰደደበት፤ ገባ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው። ጉድጓዱን ሲቆፍር አንድ ጊዜ የሰደደው ጭቃ ሳይመለስ ቀረ። ይሰዳል፤ ጭቃው የሆነ ቦታ ይገባል፤ ወደ ላይ አይመጣም። ግማሽ ቀን ታገለ። ጭቃውን አወፈረ፤ ሰጋቱራ ጨመረ፤ ገለባ ጨመረ። በመጨረሻ ደፈነውና ጭቃው ተመለሰ፤ የሪጉ ሠራተኞችም አጨበጨቡለት። ከሥራው ሁሉ የሚኮራበት ያ ነበር።

«ሩሃማ» አለ፤ ወደ እሷ ዞሮ። «ጭቃው የጠፋበት ቦታ አለ። ጭቃ የሚገባበት ቦታ ካለ...»

ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። «ውሃውም የሚወጣው በዚያ ነው። የት ላይ እንደሆነ ታውቀዋለህ?»

«ሃያ ሰባተኛው የመቆፈሪያ ዘንግ ገብቶ እኩሌታው ላይ። እንዴት እረሳዋለሁ? ሰጋቱራውን በጆንያ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ሩሃማ ሳቀች፤ ያበጠው ከንፈሯ ስላመማት በእጇ ያዘችው። ጉድጓዱን በሙሉ ማጠብ አያስፈልገንም አለች። ከዚያ ቦታ በታች ያለውን በአሸዋ እንሞላለን፤ ከበላዩ ፓከሩን እንነፋለን፤ የተረፈውን አሲድ ሁሉ ለዚያች አንዲት ስንጥቅ እንሰጣለን። ግራጫዋ የተሸከመችው ለዚያ ይበቃል።

ሁለቱ መንገዶች ከሚገናኙበት ወንዝ ዳር ሲደርሱ ላይ አገር የዘነበው ሁሉ ደርሶ ነበር። ውሃው ቀይ ነው፤ ግንድ ይዞ ይመጣል፤ ድንጋይ ከሥር ሲያንከባልል ጉርምርምታው በእግር ይሰማል። መሻገሪያው መካከል ላይ የፈሀድ ፒክአፕ አፍንጫውን ደፍቶ ቆሟል። ፈሀድ ጣሪያው ላይ ወጥቷል፤ ጫማውን አውልቆ ብብቱ ሥር ይዟል።

ኦቦ ጋሮማ ውሃውን ተመለከቱ። አሁን ካልተሻገሩ ነገም ከነገ ወዲያም እንደማይሻገሩ ነገሯቸው። አንድ ሰው ቀድሞ ገመድ ማዶ ማሰር አለበት አሉ።

ሊቤ መዋኘት አይችልም። ቢሆንም ፓከሩን ከቡሬ ላይ አውርዶ ገመዱን ወገቡ ላይ አዞረ፤ ጀርባዋ ላይ ወጣና ወደ ቀዩ ውሃ ነዳት። ውሃው ጉልበቷን፣ ደረቷን፣ ኮርቻዋን ያዘ። ቡሬ ጆሮዋን አጥፋ አንገቷን ዘርግታ ቀዘፈች። መካከል ላይ ሲደርሱ መኪናው በታችኛው ጎናቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ። ከላይ አንድ የዋርካ ግንድ እየተገለባበጠ ይመጣል።

ሊቤ ማዶውን አየ፤ ቅርብ ነው። ልጓሙን ግን ወደ መኪናው አዞረ።

«ዝለል!»

«ጫማዬ...»

«ጅራቷን ያዝ፣ ፈሀድ!»

ፈሀድ ዘለለ። ሰጠመ፤ ወጣ፤ በአንድ እጁ የቡሬን ጅራት ጨበጠ። ግንዱ መኪናውን ከጎኑ መታው። ፒክአፑ ተገለበጠና ጎማዎቹን ወደ ሰማይ አድርጎ ወረደ። ቡሬ እያናፋች በእግሯ መሬት ፈለገች፤ አገኘች፤ ሊቤን በጀርባዋ፣ ፈሀድን በጅራቷ ይዛ ማዶ ወጣች። ሊቤ ወርዶ ገመዱን ከግራር ጋር አሰረ። ኦቦ ጋሮማና ሩሃማ ገመዱን ይዘው፣ ግራጫዋንና ዳማን መካከል አድርገው ተሻገሩ። ፓከሩ ዳማ ላይ ነበር።

ፈሀድ ዳር ላይ ተቀምጦ የጠጣውን ውሃ ተፋ። አንደኛው ጫማ ብብቱ ሥር አለ፤ ሌላውም አለ። ከውስጣቸው ውሃውን ደፋ።

ሪጉ ከመንደሩ ግርጌ ቆሞ ነበር፤ የመንደሩ ሰውም ዙሪያውን ቆሞ ነበር። ፈሀድ ልብሱ እየተንጠባጠበ ሠራተኞቹን ጠራና የሪጉን ምሰሶ እንዲያስተኙ አዘዘ። ወንዙ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ጎደል ካለ ፈጥነን መሻገር አለብን አለ። ሠራተኞቹ ምሰሶውን ወደሚያስተኛው መዘውር ሄዱ። አዴ ወርቅቱ ከሴቶቹ መካከል ሆነው የልጃቸውን ያበጠ ፊት ያያሉ። 

ሊቤ ሰው በተሰበሰበበት ተናግሮ አያውቅም። ሄዶ መዘውሩ ፊት ቆመ።

«ሪጉ አይነሣም» አለ። «ቃል ገብተሃል። ቀድሜህ ማዶ ከረገጥኩ ያንተ ነው ብለሃል።»

«ሊቤ፣ እኔና አንተ አብረን ነው የወጣነው። በአንድ በቅሎ።»

ሁሉም ወደ ኦቦ ጋሮማ ዞሩ። ሽማግሌው ያበጠ እጃቸውን በሌላው ደግፈው ትንሽ አሰቡ።

«በአንድ በቅሎ መምጣታችሁ እውነት ነው» አሉ። «እሱ ግን የመጣው በጀርባዋ ነው፤ አንተ በጅራቷ። የበቅሎ ጅራት ከጀርባዋ ቀድሞ የደረሰበትን አገር እኔ እስከዛሬ አላየሁም።»

መንደሩ ሳቀ። ሳቁ ከሴቶቹ ጀምሮ እስከ ሪጉ ሠራተኞች ደረሰ። ፈሀድ መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ቀጥሎ ራሱም ከሳቁ ገባ። ጫማዎቹን ለፀሐይ አስጥቶ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ።

«ምን ልያዝ?» አለ።

በማግስቱ ሰው ሁሉ አሸዋ ተሸከመ። ሩሃማ መጀመሪያ ያመጡትን ነጭ አሸዋ አሲድ ጠብ አድርጋ ሞከረችው፤ ፈላ። ይህ አሲዳችንን ይበላብናል አለችና ከወንዙ ጥቁሩን አሸዋ አስመጣች። እሱ አልፈላም። ሴቶቹ በጆንያ፣ ወንዶቹ በባልዲ አመላለሱት። ሊቤ በሪጉ ገመድ ጥልቀቱን እየለካ፣ አሸዋው ከሃያ ሰባተኛው ዘንግ እኩሌታ በታች ሲደርስ በቃ አለ። ፓከሩን አወረዱ፤ ከሪጉ የአየር መጭመቂያ፣ ከኮምፕረሰሩ፣ አየር ሰደው ጎማውን ነፉት። ሊቤ ዘንጉን በትከሻው ወደ ላይ ገፋው። አልተንቀሳቀሰም። ይዟል።

ሩሃማ መነጽርና ረጅም ጓንት አድርጋ አሲዱን ቀስ እያለች ውሃ ላይ ጨመረች። የሪጉ ፓምፕ ተነሣ። የግፊት መለኪያው ቀስት ወጣ፤ ወጣ፤ ቀዩ መስመር አጠገብ ደርሶ ቆመ። ድንጋዩ አልተቀበለም። ቧንቧው ተንቀጠቀጠ። ፈሀድ ቱቦውን በሁለት እጁ እንደያዘ ወደ ሊቤ ዞረ፤ ሩሃማም ዞረች፤ እጇ የፓምፑ ማጥፊያ ላይ ነው።

ሊቤ መዳፉን ዘንጉ ላይ አሳርፎ ነበር። ያን ቦታ ሲደፍነው በዚሁ መዳፉ ነበር የተከታተለው። ሰጋቱራው ቀጭን ነው፤ ከኋላው ያለው ግን ባዶ መሆኑን ያውቃል።

«ትንሽ» አለ። «አታጥፊው፤ ትንሽ።»

ዘንጉ ከመዳፉ ሥር አንድ ጊዜ ደነገጠ። የመለኪያው ቀስት ቁልቁል ወደቀ። ሩሃማ ወደ ላይ አየችና ዐይኗን ጨፈነች።

«ወሰደው» አለች። «ድንጋዩ ወሰደው።»

የቀረውን ሁሉ ሰደዱለት። ከዚያ ሩሃማ ሰውን ሁሉ ወደ ተዳፋቱ አባረረች። አሲዱ ድንጋዩን ሲበላ የሚወጣው አየር ከባድ ነው፤ ሽታ የለውም፤ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛና ሰው ይገድላል አለቻቸው። ጉድጓዱ ማጉረምረም ጀመረ፤ አፉ አረፋ ደፈቀ። ፈሀድ ግን ጫማዎቹ ትዝ አሉት። ከሪጉ ጎን ለቁፋሮው ጭቃ በተቆፈረው ማጠራቀሚያ ጠርዝ ላይ ነበር ያሰጣቸው፤ አንደኛው ወደ ውስጥ ወድቋል። ሊያነሣው ሲወርድ ሊቤ ኮሌታውን ይዞ ወደ ኋላ ጣለው። ከዚያ ችቦ ለኩሶ ማጠራቀሚያው ውስጥ ወረወረ። ችቦው ሥር ሳይደርስ ጠፋ።

ፈሀድ የጠፋውን ችቦ አየ። «ስታድነኝ ሁለተኛህ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጫማው ይቅር።»

ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱ ዝም አለ። ፓከሩን አስተንፍሰው አወጡና የኮምፕረሰሩን ቱቦ አወረዱ። መጀመሪያ የወጣው አየር ብቻ ነው። ቀጥሎ ቡናማ ጭቃ ተተፋ፤ ሰጋቱራ አለበት፤ ገለባ አለበት። ሊቤ የገዛ ሥራውን አወቀው። ቀጥሎ እንደ ወተት የነጣ አረፋ መጣ፤ ከዚያ ጉድጓዱ አንዴ አጓራና ውሃ ከቧንቧው አፍ በሰው ቁመት ዘለለ።

«ቢሻን! ውሃ!» አለ አንድ ሰው፤ ቢሻን፣ ቢሻን እያለ መንደሩ ሁሉ ተቀበለው።

ሩሃማ ግን ማንም እንዳይነካው ከለከለች። ውሃው ይፈስሳል፤ መሬት ላይ ይባክናል፤ ባዶ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ቆመው ያያሉ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ ይህን ያህል ጠብቀን እንዴት ይደፋል አሉ። ሊቤ ራሱ ወደ እነሱ ሄዶ በኦሮምኛ አስረዳቸው፦ የሚወጣው አሲዱን አጥቦ የሚወጣ ነው፤ እስኪጠራ ይደፋ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ይህን ልብ ያለው እሱ አልነበረም፤ እናቱ ናቸው።

ሩሃማ በየጊዜው አሲድ የሚለይ ትንሽ ወረቀት ውሃው ውስጥ ትነክራለች። ወረቀቱ ቀይ ሆነ፤ እንደገና ቀይ፤ ከዚያ ብርቱካናማ። ፀሐይዋ ወደ ገደሉ ጫፍ ስታዘነብል አረንጓዴ ሆነ። ውሃው ጠርቶ ከሥሩ ያሉት ጠጠሮች ይቆጠሩ ነበር። ሩሃማ ወረቀቱን ወደ ላይ ይዛ ለሊቤ አሳየችው።

በዳጋ አዲ ደንብ አዲስ ውሃ መጀመሪያ የሚጠጣው የቆፈረው ሰው ነው። ክፉ ከሆነ እሱን ያግኘው፣ ደግ ከሆነም በእሱ ይጀምር ይላሉ። አዴ ወርቅቱ ጣሳውን ሞልተው ለልጃቸው ሰጡት። ሊቤ ባበጠ ከንፈሩ ጠጣ። ቀዝቃዛ ነው፤ ድንጋይ ድንጋይ ይላል። እስከ መጨረሻው ጠጥቶ ጣሳውን ገለበጠው፤ አንዲት ጠብታ ወደቀች። ያን ጊዜ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ጀሪካኖቹም እየተጋጩ ወደ ቧንቧው መጡ።

«ሊቤ ጭቃ የሚሉት አንተን ነው?» አሉ እናቱ፣ ጣሳውን እየተቀበሉት።

 በባዶ እግሩ የቆመው ፈሀድ ቀድሞት መለሰ፦

«አዎ አዴ፤ እሱ ነው። ጭቃው ባይጠፋበት ኖሮ ውሃውን የት እናገኘው ነበር?»

አዴ ወርቅቱ ጣሳውን እንደገና ሞሉና ለሩሃማ ሰጡ፤ ከዚያ ለኦቦ ጋሮማ፤ ከዚያ ለፈሀድ። ኦቦ ጋሮማ ግማሹን ጠጥተው የቀረውን ለቡሬ አቀረቡላት።

በሳምንቱ ወንዙ ጎደለ፤ ሪጉ ተሻግሮ ወደ ለገዳዲ ሄደ። ሊቤ እዚያ ስንጥቅ እንዳይደፍን በቀጭን ጭቃ ቆፈረ። በዚያ ክረምት ከዳጋ አዲ ወደ ሱሉልታ የተሰደደ ቤተሰብ አልነበረም።